ሳምንታዊው 50 ብር ምን ይሠራል? ስለ መንደር ቁጠባና ብድር ማኅበራት ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ጎረቤቴ አንድ ጽሑፍ በስልክ ላከችልኝ። «አንብቢውና ንገሪኝ፣ እኛን ነው እንዴ የሚለው?» አለችኝ። አነበብኩት። አዎ፣ እኛን ነው።

ጽሑፉ በአዲስ አበባ ዙሪያ ስላሉ የመንደር ቁጠባና ብድር ቡድኖች ነው። ጸሐፊው እነዚህ ቡድኖች የገጠሩን ኑሮ አይለውጡም ይላሉ። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ወለዱ ከአራጣ አይለይም፤ ያጠራቀሙትንም የዋጋ ንረት ይበላዋል። ዕቁብና እድር እያለን ከውጭ የመጣ ነገር ምን ያደርግልናል? ብሩም ለሌባ የተጋለጠ ነው። ደግሞም በከተማው ዙሪያ ያለው ገጠር ራሱ እያለቀ ነው። በመጨረሻ መፍትሔ ያሉትን ሰጥተዋል፦ ማይክሮፋይናንስ ይስፋፋ፣ ትንንሾቹ ቡድኖች ደግሞ፣ ባይፈልጉም እንኳ፣ ወደ አንድ ትልቅ የኅብረት ሥራ ማኅበር ይጠቃለሉ።

እኔ የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ ከእንጦጦ ጀርባ። አራት ዓመት ሙሉ የአንድ የሴቶች ቁጠባ ቡድን ደብተር ይዣለሁ። በየሳምንቱ እናዋጣለን፤ ከተዋጣው ለአባል እናበድራለን፤ ዓመቱ ሲያልቅ እንከፋፈላለን። ጸሐፊውን አላውቃቸውም፤ በክፉም አላያቸውም። የጻፉት ግን በየሳምንቱ ከማየው ነገር ጋር አልገጥም አለኝ።

ገንዘቡ ትንሽ ነው ከሚለው ልጀምር። ብዙ ሰው የሚለው ይህንኑ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

እስቲ አብረን እንደምር። 25 ሴቶች በሳምንት 50 ብር ቢያዋጡ 1,250 ብር ነው። በአራት ሳምንት 5,000 ብር። በዓመት 65,000 ብር። ይህ ብር ለ25 ቤተሰብ ቢካፈል ማንንም ሀብታም አያደርግም። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አልጣላም። የተሳሳቱት የብሩን መጠን ብቻ ማየታቸው ላይ ነው። ብሩ በየትኛው ወር እንደሚገኝ አልጠየቁም። ለእኛ ደግሞ ዋናው ነገር ወሩ ነው።

ሱሉልታን የሚያውቅ ሰው ሜዳውን ያውቀዋል። ክረምት ውሃ ይተኛበታል። መስከረም ካለፈ በኋላ ሣሩ ይታጨዳል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ የድርቆሽ ክምር በየቦታው ይቆማል። ያኔ ድርቆሽ ርካሽ ነው። ግንቦትና ሰኔ ሲደርስ ያው ድርቆሽ አልቀመስ ይላል። ጥገት ላም ያላት ሴት ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ችግሩ ኅዳር ላይ እጇ ባዶ መሆኑ ነው። የወተቱ ብር በየቀኑ እየገባ በየቀኑ ይወጣል። መስከረም ላይ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም በልቶታል። መስቀልም ወጪ አለው።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ይመጣል። 55 ቀን ነው። የወተት ገዢው ይቀንሳል፤ ዋጋው ይወርዳል። ላሟ ግን በየቀኑ መብላት አለባት። ፍሩሽካውም ፋጉሎውም በጾም ምክንያት አይረክስም።

ከአባሎቻችን አንዷ ቡድኑን ከመቀላቀሏ በፊት በነበረው ዓመት የሆነችውን ልንገራችሁ። ሰኔ ላይ መኖ አለቀባት። ሁለት ላምና አንዲት ያረገዘች ጊደር ነበሯት። ላሞቹን ለማብላት ስትል ጊደሯን ሸጠች። ደላላ ደግሞ የቸገረውን ሰው ከሩቅ ያውቀዋል። በዚያ ወር መኖ ያለቀበት ሁሉ ከብቱን ይዞ ገበያ ይወጣል፤ ስለዚህ ዋጋው ወድቋል። ሁለት ወር ብትታገስ የምትወልድ ጊደር ነበረች። በተሸጠችበት ብር የተገዛው መኖ ደግሞ ክረምቱን እንኳ አላሻገረም።

በቀጣዩ ዓመት ኅዳር ላይ ከቡድኑ 3,000 ብር ተበደረች። ድርቆሹን ከማሳው ላይ ገዝታ ከመረች። ሰኔ ሲመጣ ገበያ አልወጣችም። በቃ፣ ለውጡ ይኸው ነው። ማንም ፎቶ የሚያነሳው ነገር አይደለም፤ ያልተሸጠ ከብት ፎቶ አይነሳም። እኔ ግን በደብተሬ ላይ በየዓመቱ አየዋለሁ። ከኅዳር ብድር አብዛኛው ለመኖ ነው። የነሐሴና የመስከረሙ ለትምህርት ነው። በመካከል ደግሞ የታመመ ልጅ አለ፣ የተቃጠለ ፓምፕ አለ፣ ለበዓል በግ አድልቦ ለመሸጥ የሚወሰድ አለ። 50 ብሩ ትንሽ የሚመስለው በዓመቱ መጨረሻ ተደምሮ ሲታይ ነው። ኅዳር ላይ 3,000 ሆኖ ከአንዲት ሴት እጅ ሲገባ ትንሽ አይደለም።

ስለ ወለዱ ደግሞ። ጸሐፊው የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅሰዋል። ሕጉ በብድር ላይ ተዋዋዮች የሚስማሙበት ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። እኛ በወር 3 በመቶ እንወስዳለን። በዓመት ቢሰላ ይበልጣል። ጥያቄውን በማንሳታቸው አልከፋም፤ ጥያቄው መነሳት አለበት። በሌሎች የአፍሪካ አገሮች በወር እስከ 10 በመቶ የሚወስዱ ቡድኖች አሉ። እኔ ያንን እቃወማለሁ። የእኛም መጀመሪያ 5 በመቶ ነበር፤ ተከራክረን አወረድነው።

ከአራጣ ጋር አንድ ነው ማለት ግን ልክ አይደለም። 3,000 ብር ለአራት ወር የወሰደች ሴት 360 ብር ወለድ ትከፍላለች። አራጣ አበዳሪ ቢሆን ያ 360 ብር ተመልሶ አይመጣም። ሲብስም የቤት ዕቃ ወይም የመሬት ደብተር ይዞ ይቀመጣል። የእኛ 360 ብር ሣጥን ውስጥ ይገባል። ዓመቱ ሲያልቅ ከቁጠባው ጋር ለሁሉም ይከፋፈላል። ከፋይዋም ድርሻዋን ታገኛለች።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያላዩት ሌላ እውነተኛ ችግር አለ፤ እኔው ልናገረው። ደጋግማ የምትበደር ሴት ብዙ ወለድ ትከፍላለች። ሳትበደር ብቻ የምትቆጥብ ደግሞ ከእሷ ታተርፋለች። ብዙ ጊዜ ደጋግማ የምትበደረው ይበልጥ የተቸገረችው ናት። ይህ ያሳስበኛል። መፍትሔያችን ገና ሙሉ አይደለም። ለሕክምና ለሚወሰድ ብድር ወለድ አንቆርጥም፤ ለዚያ በየሳምንቱ ለብቻ የምናዋጣው ትንሽ ገንዘብ አለ። ሙስሊም እህቶች በብዛት ያሉባቸው ቡድኖች ደግሞ ጭራሽ ያለ ወለድ ያበድራሉ። ይህን የሚወስኑት አባላቱ ራሳቸው ናቸው።

የዋጋ ንረቱስ? በ2014 ዓ.ም. ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያው ጊዜ ባንክ ለቁጠባ የሚከፍለው ዝቅተኛው ወለድ 7 በመቶ ነበር። ስለዚህ ባንክ የተቀመጠውም ቀልጧል። የቡድን ብር ግን ብዙ አይቀመጥም። በወሩ ውስጥ ድርቆሽ ይሆናል፣ በግ ይሆናል። በየዓመቱ አከፋፍለን እንደገና የምንጀምረውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

«ዕቁብና እድር እያለ» የተባለውን ስሰማ ደስ አይለኝም። ያለ እድር ያደገ ሰው በመካከላችን የለም። አባሎቻችን በሙሉ እድር አላቸው፤ ግማሹ ዕቁብም ይጥላል። ማናችንም ያንን ትተን እዚህ አልመጣንም። ግን ሥራቸው የተለያየ ነው። እድር ሞት ሲመጣ ነው የሚደርሰው። ዕቁብ ደግሞ ዕጣ ነው። ላሟ ኅዳር ላይ መኖ የምትፈልግ ሴት ዕጣው ሐምሌ ላይ ቢወጣላት ምን ይጠቅማታል? ዳኛውን ለምና ትወስዳለች፣ ወይም ዕጣ የወጣላትን ሴት በብር አባብላ ዕጣዋን ትገዛለች። ቀድሞ ለወሰደ ሰው ደግሞ ዋስ ያስፈልጋል። ደሃ ዋስ አያገኝም። እኛ ጋ ብሩ በዕጣ አይወጣም፤ የሚወጣው በተነገረ ችግር ነው። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው፤ ይህ ግን ትልቅ ልዩነት ነው።

ከውጭ መጣ ለተባለውም አጭር መልስ አለኝ። እኛ የምንከተለው የቁጠባ ቡድን አሠራር ኬር በተባለው የእርዳታ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 ኒጀር ውስጥ ማራዲ በሚባል አካባቢ ከገጠር ሴቶች ጋር ነው የተጀመረው። እነሱም የራሳቸው ዕቁብ የነበራቸው ሴቶች ናቸው። እኛ አገርም ቢሆን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች የቁጠባና ብድር ማኅበር ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። አዳማ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ቲርፈንድ ከተባለው የእርዳታ ድርጅት ጋር ራስ አገዝ የቁጠባ ቡድኖችን ጀምራለች። ያኔ ሴቶቹ ሲጀምሩ በሳምንት የሚቆጥቡት ትንሽ ሳንቲም ነበር። እንግዳ ነገር አይደለም።

ብሩ ይሰረቃል ለሚለው፣ አዎ፣ ይሰረቃል። እኔም ደርሶብኛል። ከዚህኛው በፊት ሌላ ቡድን ውስጥ ነበርኩ። ደብተሩም ብሩም አንድ ሰው ጋ ነበር። የምናምነው ሰው ነበር፤ ክፉም አልነበረም። ቤቱ ችግር ገባ፣ ከብሩ ነካ፣ ከዚያ ለመመለስ አልቻለም። አንድ ቀን ስብሰባ ቀረ። ሁለተኛውንም ቀረ። የአሥራ አንድ ወር ቁጠባዬን ግማሹን ብቻ ነው ያገኘሁት። ከብሩ በላይ ያመመኝ አንዲት እናት የተናገሩት ነው። «ከእንግዲህ ለልጄም ቢሆን ብር አላስቀምጥም» አሉ። እስካሁንም ወደ ማንኛውም ቡድን አልገቡም።

ስለዚህ ሌብነትን አቃልዬ አላየውም። ጸሐፊው ግን ሌብነት እንዲያስቸግር ተብሎ የተሠራውን ነገር አልጠቀሱም። ሣጥኑ አንድ ቤት ነው የሚያድረው። ሦስቱ ቁልፎች ሌሎች ሦስት ሴቶች ጋ ናቸው። አራቱ ካልተገናኙ አይከፈትም። ሲከፈትም ሁሉም ፊት ነው። ብሩ ጮክ ተብሎ ይቆጠራል፤ አንዴ በኦሮምኛ፣ አንዴ በአማርኛ። ባለፈው ሳምንት የቀረው ስንት እንደነበር ማንበብ የማይችሉት ሴቶች ቀድመው ይናገራሉ። ቁጥሩን በቃላቸው ይዘውት ነው የሚመጡት። እኔ ደብተሬ ላይ ብሳሳት የሚያርሙኝ እነሱ ናቸው። ሆኖም ያውቃል።

ዓመታዊው ክፍፍል ደግሞ ከኦዲተር ይበልጣል። በዓመት አንድ ቀን ብድር ሁሉ ይመለሳል፤ ብሩ መሬት ላይ ይዘረጋል፤ ሁሉም ድርሻውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የጎደለ ነገር ካለ በዚያ ቀን መደበቅ አይቻልም። ጸሐፊው ይህን ክፍፍል ካፒታል የሚያፈርስ ልማድ ብለውታል። እኔ ግን የመጀመሪያው ቡድናችን በየዓመቱ ቢያከፋፍል ኖሮ እኚያ እናት ዛሬም ከእኛ ጋር ይሆኑ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በቴሌብር ቢሆንስ ያሉት ሐሳብ መልካም ነው። ብሩ ሲበዛ ሣጥን ውስጥ ማሳደር ያስፈራል፤ እኛም የተረፈውን ባንክ እናስገባለን። ግን ሁሉም ነገር ስልክ ውስጥ ቢገባ ስልክ የሌላት ወይም ማንበብ የማትችል ሴት እንደገና አንድ ሰው ማመን ሊኖርባት ነው። ቆጠራው ፊት ለፊት ይሁን፤ ማደሪያው የትም ሊሆን ይችላል።

ገጠሩ እያለቀ ነው የሚለው ነጥብ ለእኔ ከሁሉም ከባዱ ነው፤ እውነት ስላለበት። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን በአንድ አስተዳደር ሥር ገቡ። ከዚያም በፊት ቢሆን ለፋብሪካው፣ ለሪል እስቴቱና ለመንገዱ መሬት ሲወሰድ ኖሯል። ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው ለገበሬ ታስቦ የተሠራ ቁጠባ ገበሬ በሌለበት ምን ይሠራል አሉ።

እኔ ግን ቁጠባው በጣም የሚያስፈልገው ያኔ ነው ባይ ነኝ። በከተማ ዳር የኖረ ሰው የካሳ ብር ምን እንዳደረገ አይቷል። ገበሬው ዕድሜ ልኩን በእህልና በከብት ሲያስብ ኖሮ አንድ ቀን ብዙ ብር በአንዴ ይሰጠዋል። ዘመድ ይሰበሰባል። ድግስ ይደገሳል። መኪና ይገዛል፤ መኪናው ይበላሻል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሰውየው በገዛ መሬቱ ላይ በተሠራው ግቢ ዘበኛ ሆኖ ይቀጠራል። ሚስቱ ደግሞ ከጅምሩ ብሩ ስንት እንደሆነ አልተነገራትም። ይህን ስጽፍ ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ያን ያህል ብር ይዞ የማያውቅ ሰው፣ ያውም መሬቱን አጥቶ ባዘነበት ሰዓት፣ ብቻውን እንዲወስን መተው ነው የሚያሳዝነው።

ከቡድናችን ሁለት ቤተሰብ መሬታቸው ተወስዷል። ሁለቱም ሴቶች ለባሎቻቸው መጀመሪያ የጠየቁት ጥያቄ «ስንት ነው የተከፈለን?» የሚል ነበር። ይህን መጠየቅ የለመዱት እዚህ ነው፤ በየሳምንቱ የሌላውን ብር ሲቆጥሩ። አንዷ አሁን ዶሮ ታረባለች። ሌላዋ መንገድ ዳር ሁለት ክፍል ሠርታ አከራይታለች። አሁን መሬት የላቸውም፤ ቁጠባውን ግን አላቋረጡም። ገጠሩ ከተማ ሲሆን ቡድኑ አብሮ የሚያልቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ጸሐፊው ሴቶቹ ላይ ሥራ ይበዛባቸዋል ያሉት ትክክል ነው። ስለዚህ ስብሰባውን ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አናስረዝምም። ወተት ማስረከቢያና እሳት ማንደጃ ሰዓት ላይም አናደርገውም።

አሁን ወደ መፍትሔያቸው ልምጣ። ማይክሮፋይናንስ ይስፋፋ የሚለውን አልቃወምም። መሬት በሽያጭ የማይተላለፍበት አገር ገበሬ ለባንክ የሚያስይዘው ነገር አጥቶ ኖሯል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ከብትም መያዣ እንዲሆን በር መክፈቱ ትልቅ ነገር ነው። ግን ትልቅ ብድር በራሱ ተአምር አይሠራም። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2006 በኦሮሚያና በአማራ ገጠር የተደረገ ጥናት አለ። ማይክሮፋይናንስ እንዲገባባቸውና እንዳይገባባቸው ቀበሌዎችን በዕጣ ለይቶ ያነጻጸረ ነው። ብድር በጣም ጨመረ። በሌላው ኑሮ ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ግልጽ ለውጥ በአብዛኛው አልታየም።

ስለ ቁጠባ ቡድኖችም ከእውነቱ በላይ አልናገርም። በጋና፣ በማላዊና በኡጋንዳ የተደረገ ተመሳሳይ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ወጥቷል። ቁጠባው፣ የሴቶች ትንንሽ ንግድና በቤት ውስጥ ያላቸው ድምፅ ጨመረ። የቤተሰቡ ፍጆታ ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ ብዙም ከፍ አላለም። በማሊ 500 መንደር ላይ የተደረገው ደግሞ የምግብ እጥረት መቀነሱንና ከብት መጨመሩን አሳየ፤ በጤናና በትምህርት ላይ ግን ለውጥ አላገኘም። ከድህነት በአንዴ ያወጣል ያለ ሰው ካለ ተሳስቷል። እኔ የምለው ሰኔ ላይ ጊደርን ከመሸጥ ያድናል ነው። የማሊው ውጤትም ለእኔ የሚለው ይህንን ነው፤ ከብቱ ሳይሸጥ ቀረ።

መንገድ፣ መብራትና የወተት ማቀዝቀዣ ቡድናችን ሊሠራ አይችልም። እሱን ከመንግሥት እንጠብቃለን።

በግድ መጠቃለል የሚለውን ግን አልቀበልም። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 አለ። ያደገ፣ የፈለገ ቡድን በእሱ ተመዝግቦ ማኅበር ይሁን። የገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበራት ብዙ ሰው እንደጠቀሙ አውቃለሁ። ነገር ግን ባይፈልጉም የሚለው ቃል እኛ አገር ታሪክ አለው። በደርግ ጊዜ ገበሬው በአምራቾች ማኅበር እንዲገባ ተገፋ። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅና መውጣት ሲፈቀድ ብዙዎቹ ማኅበራት በሳምንታት ውስጥ ፈረሱ። ገበሬው በሬውን ነድቶ፣ መሬቱን ተካፍሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ያ ሁሉ ሕንፃ፣ ያ ሁሉ ስብሰባ አላስቀረውም።

በቡድናችን ያን ጊዜ በደንብ የሚያስታውሱ እናት አሉ። የባላቸው በሬ ማኅበር ገብቶ ነበር፤ ሲመለስ በእግሩ መቆም አልቻለም ነበር ይላሉ። የወረዳ ባለሙያ መጥቶ ስለ መመዝገብ ሲያስረዳን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት። «ልጄ፣ ስንገባ ብራችንን ይዘን እንገባለን። መውጣት ስንፈልግስ ይዘነው እንወጣለን?» ባለሙያው ጠይቆ እንደሚመለስ ነገራቸው። ጸሐፊው ሌላ ጽሑፍ ካላቸው፣ መልሱን ከእሳቸውም ብንሰማ ደስ ይለናል።